«ከእንግዲህ ምንም ማድረግ አይቻልም» ከተባለ በኋላ

እንደምን አመሻችሁ።

ይህን ርዕስ ለመስማት መምጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከመካከላችሁ ያረጀ ውሻ ወይም የታመመች ድመት ቤት ትቶ የመጣ አለ። በቅርቡ ያጣም አለ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ የምላት አንዲት ነገር ነበረች፤ «ከእንግዲህ ምንም ማድረግ አይቻልም»። ካንሰሩ ለተሠራጨበት ውሻም፣ ኩላሊቷ ለደከመ ድመትም እሷኑ እናገርና ባለቤቱን ወደ ቤቱ እሸኛለሁ። እውነቱን ፊት ለፊት የተናገርኩ ይመስለኝ ነበር። የውሸት ተስፋ አልሰጠሁም፣ ገንዘብም በከንቱ አላስወጣሁም።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ተመልሳ መጣች። የድመቷን መያዣ አልያዘችም። ከሁለት ሳምንት በፊት ያቺኑ ቃል ነግሬ ሸኝቻት ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና «አሥራ አንድ ቀን አልጋ ሥር ነበረች» አለችኝ። «ውሃ ሳቀርብላት ጠጋ ብላ ታየዋለች፣ ከንፈሯን ትልሳለች፣ ግን አትጠጣም። አሟት ነው ወይስ ደክሟት ብቻ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ያቅለሸልሻት ነበር። ኩላሊት ሲደክም በሽንት መውጣት የነበረበት ቆሻሻ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ሆድ ይረበሻል። ውሃው ፊት ቆሞ ከንፈር መላስ የማቅለሽለሽ ምልክት ነው። ለዚያ መድኃኒት ነበረኝ። ፈሳሽ ከቆዳ ሥር እንዴት እንደሚሰጥ ላሳያት እችል ነበር። ነገሩ ሲከፋ ደግሞ ቤቷ ድረስ ሄጄ ድመቷን ያለ ሥቃይ በምትሞትበት መርፌ ላሳርፍላት እችል ነበር። የማይቻለው ማዳን ብቻ ነበር። እኔ ግን «ምንም» አልኳት።

ዛሬ የምናወራው ስለዚያች «ምንም» ስላልኳት ጊዜ ነው። መዳን እንደማይኖር ከታወቀ በኋላ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ስላለው ጊዜ።

ሊድን የማይችለውን ሕመሙን እያስታገሱ እስከ መጨረሻው የመንከባከብ ሐሳብ የመጣው ከሰው ሕክምና ነው። ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ እንግሊዛዊት በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈርስ ሆስፒስን፣ ሊድኑ የማይችሉ ሕሙማን የሚታገዙበትን ቤት፣ ከፈቱ። መጀመሪያ ነርስ ነበሩ፤ ቀጥሎ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆኑ። ሊድን በማይችል ሰው ላይ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱም፣ ብቸኝነቱም አብሮ መታከም አለበት ብለው አስተማሩ። በእንስሳት በኩል ደግሞ አሊስ ቪላሎቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሠርተዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ። እንግዲህ ለእንስሳት ገና ወጣት ሙያ ነው።

አሁን ወደ ሕመም ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ እንስሶቻችን የሚሰቃዩት አብዛኛውን ጊዜ ስለማንወዳቸው ሳይሆን ሕመማቸውን ስለማናውቀው ነው።

ውሻ ሲያመው ይጮኻል እንላለን። ድንገት ከተረገጠ አዎ፣ ይጮኻል። ቀስ በቀስ የመጣ ሕመም ግን ድምፅ የለውም። ውሻው ደረጃው ሥር ሲደርስ ቆም ይላል። ሲነሳ የፊት እግሮቹን ያቆምና የኋላውን ለማንሳት ይታገላል። ሳይሞቀው ያለከልካል። ሌሊት ቤቱን ይዞረዋል፤ ተኝቶ የሚመቸው ቦታ ያጣል። አንድ መገጣጠሚያ ላይ ደጋግሞ ይልሳል። እኛ «አርጅቶ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እውነት ነው፣ አርጅቷል። ግን ደግሞ እያመመው ነው፤ ሕመሙ መድኃኒት አለው።

ድመት ከዚህም ትብሳለች። አዳኝ ብትሆንም ለሌላው ታዳኝ ስለሆነች ድካሟን መደበቅ ታውቅበታለች። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ያለፈ 100 ድመቶች ራጅ ታይቶ 90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ ጉዳት ተገኝቷል። ባለቤቶቻቸው ቢጠየቁ አብዛኞቹ «ደህና ናት» የሚሉ ይመስለኛል። ድመት እንደ ውሻ አታነክስም፤ መዝለል ነው የምታቆመው። መስኮቱ ላይ መውጣት ትተዋለች። ዞራ መላስ ስለሚያማት የጀርባዋ ፀጉር ይቋጠራል። ከአሸዋ ሳጥኗ ውጪ ትሸናለች፤ ጠርዙን መሻገር አቅቷት ነው። ስንቷ ድመት በዚህ ተቆጥተውባት ይሆን?

ያ ጉሮሮዋ ውስጥ የሚሰማው እርርታም አያታልላችሁ። ድመት ሲመቻትም፣ ሲያማትም፣ ስትፈራም ታሰማዋለች። እኔ ፊቷን ነው የማየው። በካናዳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. የድመትን ሕመም ከፊቷ የሚለካ ዘዴ አሳትመዋል። አምስት ነገር ታያላችሁ፤ ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍና አፍንጫ አካባቢ፣ ጢም እና የራስ አቀማመጥ። የታመመች ድመት ጆሮዎቿ ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ዓይኖቿ ይጠባሉ። አፍንጫዋ አካባቢ ይወጠራል። ጢሞቿ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ይቆማሉ። ራሷ ከትከሻዋ በታች ይወርዳል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጠዋል። ድምሩ ከ10 ውስጥ 4 ከሞላ ማስታገሻ ያስፈልጋታል። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ሞክሩት፤ ግን ነቅታ፣ ሳትበላና ራሷን ሳትልስ ጸጥ ብላ ባለችበት ሰዓት ይሁን።

አንድ ነገር አደራ። የራሳችሁን የሕመም ክኒን አትስጡ። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ማስወገድ አይችልበትም። አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ቀይ የደም ሕዋሶቿ ኦክስጅን መሸከም ያቅታቸዋል፣ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷ ያብጣል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ የውሻን ሆድ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። በፍቅር የተሰጠች ክኒን ያመጣችውን ጣጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ለእንስሳት የተፈተኑ መድኃኒቶች አሉ። ለመገጣጠሚያ ሕመም በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መጥቷል። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ለነገሩ ማስታገስ ማለት መድኃኒት ብቻ አይደለም። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ ለአንድ ሽማግሌ ውሻ ትልቅ ነገር ነው። የአሸዋ ሳጥኑን አንድ ጎን ዝቅ አድርጎ መቁረጥም እንደዚያው። ምግብ ሞቅ ሲል ሽታው ይወጣል፤ አፍንጫዋ የደከመ ድመት በዚያ ትነቃቃለች። መነሳት ላቃተው ውሻ ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፋችሁ የኋላውን ደገፍ ብታደርጉለት ራሱ ሄዶ ይሸናል። ውሻ ቤት ውስጥ ሲሸና ያፍራል ብዬ አምናለሁ፤ ሳይንሱ የፈለገውን ይበል። ሙሉ ቀን የሚተኛ ከሆነ በየጥቂት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡት፤ አለበለዚያ ቆዳው ይቆስላል። ከሥሩ የረጠበውን ቶሎ ቀይሩ።

ልቡ የታመመ ውሻ ያላችሁ ደግሞ ሲተኛ ትንፋሹን ቁጠሩ። ደረቱ ከፍ ብሎ ሲወርድ አንድ ነው። በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ወጥቶ ካልተመለሰ ሳንባው ውስጥ ውሃ እየገባ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አትጠብቁ። ድመት ሁለት ቀን ምግብ ካልነካችም ዝም አትበሉ፤ ጉበቷ በስብ መሞላት ይጀምራል።

እሺ። አሁን ሁላችሁም ልትጠይቁኝ ወደመጣችሁት ጥያቄ እንሂድ። መቼ ነው?

«እሱ ራሱ ይነግርሃል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንዱ ይናገራል። ብዙዎቹ ግን አይናገሩም። ውሻ እናንተን ለማስደሰት ጅራቱን እየወዘወዘ ሊሰቃይ ይችላል። ምልክቱን እየጠበቁ ሳምንታት ያሳለፉ፣ በኋላም «አልነገረኝም እኮ» ብለው ያለቀሱ ሰዎች አሉ። እንግዲህ መጠየቁ የእኛ ድርሻ ነው።

ለዚህ ቪላሎቦስ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ አለ። ሰባት ነገር ይጠይቃል። ሕመም አለው? ይበላል? ይጠጣል? ንጹሕ ነው? ደስ ይለዋል? ይንቀሳቀሳል? ከመጥፎ ቀኖቹ ጥሩዎቹ ይበልጣሉ? እያንዳንዱ ከ10 ነጥብ ይሰጠዋል፤ 10 በጣም ጥሩው ነው። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ማስታገሱን መቀጠል ይቻላል ማለት ነው። ጠቃሚ መለኪያ ነው። ባልና ሚስት ለየብቻ ሞልተው ሲያስተያዩ ሳይነጋገሩ የቆዩትን ነገር ያወጣሉ። ቁጥሩን ብቻውን ግን አላምነውም። ትንፋሽ ያጠረው ውሻ በሌላው ሁሉ ጥሩ ነጥብ አግኝቶ 35ን ሊያልፍ ይችላል። አየር ማጣት ከሁሉ ይቀድማል፤ ቪላሎቦስም ቀዳሚ ቦታ ይሰጡታል።

እኔ ለቤተሰብ የምለው ቀለል ያለ ነው። ደህና ሳለ በጣም የሚወዳቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ። በር ላይ መቀበል፣ ፀሐይ ላይ መተኛት፣ ኳሷን ይዞ መምጣት፣ ምንም ይሁን። ከዚያ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በየማታው ምልክት አድርጉ። ጥሩ ቀን ከሆነ ክብ፣ መጥፎ ከሆነ መስመር። የሰው ልብ ትናንትን ይረሳል። ጠዋት አንዴ ጅራቱን ከወዘወዘ ያለፈው ሳምንት ሁሉ ከአእምሯችን ይጠፋል። ወረቀቱ ግን አይረሳም። ክቦቹ እየሳሱ ሲሄዱ፣ ከሦስቱ ነገሮች ሁለቱን ማድረግ ሲያቆም፣ ያን ጊዜ ደውሉልኝ።

ተፈጥሮ ራሷ በእንቅልፉ እንድትወስደው የሚመኝ ብዙ ሰው አለ። እኔም እመኛለሁ። አንዳንዴ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይሆንም። የልብ ሕመም መጨረሻው ሳንባ በውሃ ተሞልቶ መታፈን ነው። የኩላሊት ሕመም መጨረሻው ቀናት የሚፈጅ ማቅለሽለሽ ነው። የራሴን ውሻ ሦስት ቀን አዘግይቻለሁ። ሐኪም ሆኜ፣ ሁሉን እያወቅኩ። «ነገ ይሻለው ይሆናል» እያልኩ። ሦስተኛው ሌሊት ለእሱም ለእኔም ከባድ ነበር። ያንን ሌሊት ብችል እመልሰዋለሁ። ትንሽ ቀደም ማለት ከትንሽ መዘግየት ይሻላል ስላችሁ ከዚያ ሌሊት ተነስቼ ነው።

ሰው በጣም የሚፈራው የማያውቀውን ነው። ስለዚህ በቤት ማሳረፍ ምን እንደሚመስል እንዳለ ልንገራችሁ።

አንድ ቤት የነበረ የአሥራ አራት ዓመት ውሻ ነበር፤ ቡቺ እንበለው። የኋላ እግሮቹ ከከዱት ቆይቷል። ስገባ በር አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተኝቷል። አባት፣ እናትና የስምንት ዓመት ልጃቸው ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ቦርሳዬን ከመክፈቴ በፊት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እጄን አሸተተ። ክሊኒክ ውስጥ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚያ የመኪናውም፣ የሚያዳልጠው ጠረጴዛም፣ የሌሎች ውሾች ፍርሃት ሽታም አለበት። ያን ቀን አልተንቀጠቀጠም። ቤቱ ነው።

የመጀመሪያው መርፌ ማስተኛ ነው። ጡንቻ ላይ ወይም ከቆዳ ሥር ይሰጣል፣ ቆንጠጥ ያደርጋል። ልጅቷ የሚወዳትን ሥጋ ከእጇ እያበላችው ስለነበር ቀና ብሎ አላየኝም። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ቀስ እያለ ራሱ ከበደ፣ አባትየው ጭን ላይ ወደቀ። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመረ። «አባዬ፣ እንደ ድሮው እያንኮራፋ ነው» አለች ልጅቷ። ወራት ሙሉ እንዲህ አልተኛም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው እሱ የሚያውቀው አይደለም። የኋላ እግሩ ላይ ትንሽ ፀጉር ላጨሁና ደም ሥሩ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገባሁ። የኋላ እግር የምመርጠው ራሱ ያለበት ቦታ የቤተሰቡ ስለሆነ ነው። «ዝግጁ ናችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፤ መልሱ ዝምታ ከሆነም እጠብቃለሁ። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ፔንቶባርቢታል ነው። ማደንዘዣ ነው፣ መጠኑ በጣም የበዛ። መጀመሪያ አእምሮን ያጠፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ይቆማል፣ ከዚያ ልብ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሁለት ደቂቃ አያልፍም። ማዳመጫዬን ደረቱ ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ አዳመጥኩ። ከዚያ «አርፏል» አልኳቸው።

አስቀድሜ የምናገራቸው ነገሮች አሉ፤ ያላወቀ ሰው ይደነግጥባቸዋል። ዓይኖቹ አይከደኑም። ሽንት ሊያመልጠው ይችላል። ልቡ ከቆመ በኋላ ጡንቻው ሊርገበገብ፣ ደረቱም አንዴ ሁለቴ ትንፋሽ የሚመስል ነገር ሊያሰማ ይችላል። ተመልሶ አይደለም። አካሉ እየለቀቀ ነው።

ቤት ሁልጊዜ ይሻላል አልልም። ትንፋሽ ያጠረውን እንስሳ ሐኪም እስኪመጣ ማቆየት ጭካኔ ነው፤ ወዳለበት ሩጡ። ያ ጥግ ሁልጊዜ ያን ቀን ያስታውሰኛል ብሎ ክሊኒክ የሚመርጥም አለ፣ ትክክል ነው። መድኃኒቱ በብዙ አገር ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ነው፤ ሐኪም እንጂ ሌላ ሰው እጅ መግባት የለበትም። ከሞት በኋላም አካሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ግቢ የምትቀብሩ ከሆነ፣ የአካባቢው ደንብ ከፈቀደ፣ በጥልቀት ይሁን። ሌላ እንስሳ ወይም አሞራ ቆፍሮ ቢበላው ይመረዛል።

ልጆችን በተመለከተ፣ እባካችሁ «አስተኛነው» አትበሏቸው። ልጁ ማታ መተኛት ይፈራል። «ሞተ፣ አካሉ ሥራ አቆመ፣ አይመለስም፣ ከእንግዲህም አያመውም» በሉት። ልጆች ከምናስበው በላይ ይችላሉ። ቤት ውስጥ ሌላ ውሻ ወይም ድመት ካለ ገላውን ጠጋ ብሎ እንዲያሸት ተዉት። አንዳንዱ አሽቶ ይሄዳል፣ አንዳንዱ አጠገቡ ይተኛል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። በማግስቱ የሚደውሉ ሰዎች «ገደልኩት» ይላሉ። ይቺን ቃል ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። ለዚያ ሰው የምለው አንድ ነው። የገደለው ካንሰሩ ነው። ልቡ ነው። አንተ የመረጥከው ቀኑን ነው፤ እዚያም ያለኸው እጅህ ራሱ ላይ ሆኖ ነው። ሐዘኑ ደግሞ እውነተኛ ሐዘን ነው። ኬኔት ዶካ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በ1989 እ.ኤ.አ. ሰው በይፋ የማይቀበለው፣ ማንም የማያጽናናው ሐዘን እንዳለ ጽፈዋል። የእንስሳ ሐዘን ከዚያ ውስጥ ነው። ለሥራ ባልደረባችሁ «ውሻዬ ሞተ» ስትሉ «ሌላ ታመጣለህ» ይላችኋል። አትመልሱለት። አልቅሱ።

ያቺ መጀመሪያ የነገርኳችሁ ሴት ሌላም ድመት ነበራት፤ የዚያችው ወንድም። ከሦስት ዓመት በኋላ የእሱም ኩላሊት ደከመ። ይዛው ስትመጣ ፊቷን ማየት ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ቀድማኝ «አሁንስ ምን ማድረግ ይቻላል?» አለችኝ። ተቀምጠን ጻፍን። የማቅለሽለሽ መድኃኒት። በየሁለት ቀኑ ፈሳሽ ከቆዳ ሥር። ጠርዙ ዝቅ ያለ ሳጥን። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ። መጀመሪያ ቀን መርፌውን ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሳምንቱ ቴሌቪዥን እያየች ትሰጠው ጀመር። አምስት ወር ሄደ። በአምስተኛው ወር መጨረሻ ክቦቹ ሳሱ፣ ደወለች።

ማታ ላይ ነበር የሄድኩት። ትልቁ አልጋ መሐል፣ እሷ ትራስ አጠገብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ማስተኛውን ከሰጠሁት በኋላ ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ጋደም አለች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይታ «እሱ አልጋው ሥር አልገባም» አለችኝ።